«አደግን» ሲሉን ምኑን እንቁጠር?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ትምህርት ሲከፈት የሚደርሱን ጥያቄዎች ከወትሮው ይበዛሉ። ለዚህ እትም የመረጥናቸው ከቱሉ ዲምቱ እስከ ሱሉልታ ከአዲስ አበባ ዳር ዳር የመጡ ናቸው። ብዙዎቹ ዞረው ዞረው የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ ዩኒቨርሲቲ «አደግሁ፣ ተሳካልኝ» ሲል በምን ይታወቃል? መልሱን የሰጡት በሬጅስትራር፣ በማስተማርና በጥራት ማረጋገጥ ሥራ ላይ ያሉ ባልደረቦቻችን ናቸው።

ጥያቄ፦ ልጄ ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ይገባል። ዩኒቨርሲቲው ያወጣው የአዲስ ዓመት መጽሔት ተማሪው በእጥፍ መጨመሩን፣ ሕንፃ መገንባቱን፣ አዳዲስ ፕሮግራም መከፈቱን፣ ከውጭ አገር ተቋማት ጋር የመግባቢያ ሰነድ መፈረሙን ይዘረዝራል። ከዚህ ሁሉ ለልጄ የሚጠቅመው የቱ ነው? — *የተማሪ እናት፣ ከቱሉ ዲምቱ*

መልስ፦ እናታችን፣ የተማሪ ቁጥር ማደጉ ብቻውን ብዙ አይነግርዎትም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ1943 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሆኖ ሥራ ሲጀምር ተማሪዎቹ 33 ነበሩ። በ1980ዎቹ መጨረሻ እንኳ በአገሪቱ ዩኒቨርሲቲ የሚባሉት እሱና አለማያ (የዛሬው ሐረማያ) ብቻ ነበሩ፤ ዛሬ የመንግሥቶቹ ብቻ ከ40 በላይ ናቸው። በዚህ መስፋፋት መካከል ተማሪ ያልበዛለት ዩኒቨርሲቲ ማግኘት ይከብዳል። መጠየቅ ያለበት ከተማሪው ጋር አብሮ ምን እንዳደገ ነው።

መጀመሪያ መምህሩን ይመልከቱ። መጽሔቱ «900 መምህራን አሉን» ቢል፣ በሥራ ገበታቸው ላይ ያሉት ስንት እንደሆኑ ያስጠይቁ። ለሁለተኛና ለሦስተኛ ዲግሪ ትምህርት የወጡ መምህራን በደመወዝ መዝገቡ ላይ ስላሉ በድምሩ ይገባሉ፤ ክፍል ግን አይገቡም። ለምሳሌ 13,000 ተማሪ ባለበት ግቢ ከ900ው 250ው ትምህርት ላይ ከሆኑ፣ ለአንድ መምህር 14 ተማሪ ሲባል የነበረው 20 ይሆናል። ይህም አማካይ ነው። በኮምፒውተር ሳይንስና በሶፍትዌር ምህንድስና ተማሪው ይጎርፋል፣ መምህሩ ደግሞ ወደ ግል ድርጅት ይሄዳል፤ ስለዚህ የልጅዎን ዲፓርትመንት ለይተው ይጠይቁ። ከዚያ ማዕረጉን ይዩ፦ ረዳት ምሩቅና ረዳት ሌክቸረር የሚበዛበት ዲፓርትመንት ገና በእግሩ ለመቆም እየሞከረ ነው፤ ሌክቸረርና ረዳት ፕሮፌሰር ሲበዙበት ደህና ነው። ተባባሪ ፕሮፌሰሮችና ፕሮፌሰሮች ካሉትም በየሴሚስተሩ ለመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ያስተምሩ እንደሆነ ይጠየቅ። ብዙ ቦታ ጊዜያቸውን የሚወስደው የድኅረ ምረቃው ትምህርት ነው።

ቀጥሎ ላብራቶሪ። የዓመት ሪፖርቶች ብዙ ጊዜ ሳይጣራ የሚታለፍ ነገር የሚይዙት እዚህ ላይ ነው። «ዘመናዊ ላብራቶሪ ተደራጀ» ማለት ዕቃው ተገዛ ማለት ሊሆን ይችላል፤ ዕቃው ደግሞ ከነካርቶኑ ስቶር ውስጥ ሊከርም ይችላል። ምክንያቱ ብዙ ነው፦ ማሽኑ የሚፈልገው የሦስት ፌዝ የኤሌክትሪክ መስመር ክፍሉ ውስጥ አልተዘረጋም፤ አቅራቢው ገጣጥሞ እንዲያስረክብና እንዲያሠለጥን ውሉ ላይ አልተጻፈም፤ ወይም የሚያንቀሳቅሰው ቴክኒሻን አልተቀጠረም። የአብዛኛው ዕቃ የዋስትና ጊዜ የሚቆጠረው ከርክክብ ቀን ጀምሮ ስለሆነ፣ አንድ ዓመት ስቶር የከረመ ማሽን የተከፈተ ዕለት ቢበላሽ የሚጠግነው የለም። የተገጠመውም ቢሆን የከተማው ዳር መብራት ሲሄድና ሲመጣ በሚፈጠረው የቮልቴጅ መዋዠቅ ፓወር ሰፕላዩ ቶሎ ይቃጠላል። ቮልቴጅ የሚያረጋጋ ስታቢላይዘርና መብራት ሲጠፋ የሚደግፍ ባትሪ (ዩፒኤስ) አብሮ ካልተገዛ ዘመናዊነቱ ዕድሜው አጭር ነው።

ልጅዎ ግቢ ሲገባ ለሁለተኛና ለሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች ይህን ይጠይቅ፦ በአንድ የላብ ክፍለ ጊዜ ስንት ሆናችሁ በአንድ ዕቃ ትሠራላችሁ? 60 ተማሪ ባለበት ሴክሽን የሚሠሩት ኦሲሎስኮፖች (የኤሌክትሪክ ሞገድ መለኪያዎች) 6 ከሆኑ፣ አንዱ ላይ 10 ሰው ይከማቻል፤ ሁለቱ ቁልፍ ይነካሉ፣ ስምንቱ ቁጥር ይገለብጣሉ። ሴክሽኑ ለሦስት ተከፍሎ በተለያየ ሰዓት 20፣ 20 ሆኖ ቢገባ ግን በዚያው 6 ዕቃ ላይ በአንዱ ሦስት ወይም አራት ሆነው ይሠራሉ። ለዚህ አዲስ ግዢ አያስፈልግም፣ የላብ ቴክኒሻን የትርፍ ሰዓት ክፍያና ፕሮግራም ማስተካከል ይበቃል። ይህን ያደረገ ዲፓርትመንት በእኛ ግምት አዲስ ሕንፃ ካስመረቀው ይበልጣል።

ስለ ሕንፃው፦ ሪባን መቆረጡና ሥራ መጀመሩ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሥራ ተቋራጩ ጊዜያዊ ርክክብ ካደረገ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓመት የሚቆይ የጉድለት ማስተካከያ ጊዜ አለ፣ ከዚያ የመጨረሻው ርክክብ ይመጣል። በመካከሉ ውኃ ያልወጣበት አራተኛ ፎቅና የማይፈስ መጸዳጃ የተለመደ ነው። የማደሪያ ሕንፃ ከሆነ ሁለት ነገር ያጣሩ፦ ግቢው የራሱ ጉድጓድ ውኃና ማጠራቀሚያ አለው? ጄኔሬተሩስ የሚያበራው አስተዳደሩን ብቻ ነው ወይስ ቤተ መጻሕፍቱንም?

የመግባቢያ ሰነዱን ነገር ብዙም አያስቡበት። በየመጽሔቱ ፎቷቸው የሚደረደረው ሰነዶች ከተፈረሙ በኋላ ስንት ተማሪና መምህር በእነሱ አማካይነት ሄዶ ተመለሰ? መልሱ ከሌለ ሰነዱ ፎቶ ነው።

ጥያቄ፦ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ዲፓርትመንታችን «በመውጫ ፈተና 100 ፐርሰንት አሳለፍን» ብሎ ለጥፏል፤ የጎረቤት ኮሌጅ ደግሞ 77 ፐርሰንት ይላል። ቁጥሮቹን ማወዳደር ይቻላል? እኔስ ከአሁኑ ምን ላድርግ? — *ከኮዬ ፈጬ*

መልስ፦ ከመቶኛው በፊት ከስንት እንደሆነ ጠይቅ። 4 ተማሪ አስፈትኖ 4 ያሳለፈና 180 አስፈትኖ 150 ያሳለፈ አይወዳደሩም። ሁለተኛ፣ የተፈተኑት ከገቡት ውስጥ ስንቱ ናቸው? 400 ተቀብሎ በየዓመቱ ሲያንጠባጥብ 260 የቀሩለት ኮሌጅ 200 ቢያልፉለት 77 በመቶ ብሎ ይጽፋል። ከገቡት አንጻር ግን 50 በመቶ ነው። ሦስተኛ፣ ድጋሚ ተፈታኞች ተቀላቅለው እንደሆነ ለይ፤ ቀድሞ የወደቁትን ከአዲሶቹ ጋር የደመረ ተቋም ውጤቱ ዝቅ ቢል ዲፓርትመንቱ ዘንድሮ ደከመ ማለት ላይሆን ይችላል።

መነሻ እንዲሆንህ፦ ሕግና ሕክምና ቀደም ብለው ቢጀምሩትም፣ ፈተናው ለሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች የተሰጠው በ2015 ዓ.ም. ነው። ማለፊያው 50 ነው። ያን ዓመት ከመንግሥት ተቋማት ከተፈተኑት 77,981 ተማሪዎች 48,632 አለፉ፣ ይህም 62 በመቶ ገደማ ነው። ከግል ተቋማት ግን ከ72,203 ያለፉት 12,422 ብቻ ነበሩ፣ 17 በመቶ። በመጀመሪያው ዙር እንዲህ የሰፋው ልዩነት ብዙ ወላጅ ኮሌጅ የሚመርጥበትን መንገድ ቀይሯል፤ ይገባዋልም።

አንተን በተመለከተ፣ ጎበዝ የሚባሉ ተማሪዎች የሚወድቁት አብዛኛውን ጊዜ በቅርቡ በወሰዱት ኮርስ አይደለም። የመጀመሪያና የሁለተኛ ዓመት መሠረታዊ ኮርሶችን ረስተው ነው። ከዲፓርትመንትህ የፈተናውን ብሉፕሪንት ውሰድ፤ ጥያቄዎቹ ከየትኛው ኮርስ በምን ድርሻ እንደሚወጡ ያሳይሃል። ኮርሶቹን ጽፈህ በያንዳንዱ አጠገብ ያገኘኸውን ግሬድ አስፍር። ድርሻው ትልቅ ሆኖ ግሬድህ ሲ እና ከዚያ በታች የሆነውን አስቀድም፤ ድርሻው ትንሽ የሆነውንና ኤ ያመጣህበትን ለመጨረሻ አቆይ። ተማሪው ብዙ ጊዜ ይህን ይገለብጠዋል፤ የሚወደውን ኮርስ ደጋግሞ ያነባል። ፈተናው በኮምፒውተር ስለሆነ ሞዴል ፈተና በተሰጠ ቁጥር አትቅር። ከስክሪን ላይ ረጅም ጥያቄ ማንበብና ሰዓትን መጠበቅ ራሱን የቻለ ልምምድ ይፈልጋል።

ጥያቄ፦ ለቡ አካባቢ የተከፈተ ኮሌጅ «በአዲሱ ካምፓሳችን ምዝገባ ጀምረናል፣ ሙሉ ዕውቅና አለን» ይላል። እህቴን ላስመዘግብ ነው፤ በምን ላረጋግጥ? — *ከለቡ*

መልስ፦ ዕውቅና የሚሰጠው ለኮሌጁ ስም አይደለም። የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ፈቃድ የሚሰጠው ለተወሰነ ፕሮግራም፣ በተወሰነ ደረጃ፣ በተወሰነ ካምፓስ፣ በተወሰነ የማስተማሪያ ዘዴ ነው። በመደበኛው አካውንቲንግን በዲግሪ እንዲያስተምር መገናኛ ላይ የተፈቀደለት ኮሌጅ በዚያው ወረቀት ለቡ ላይ ማስተማር አይችልም። የርቀት ትምህርትም የራሱን ፈቃድ ይጠይቃል። «አዲሱ ካምፓሳችን» የሚለው ቃል ስለዚህ ሊያስጠነቅቅዎ ይገባል።

ቢሮ ሄደው የፈቃዱን ደብዳቤ ያስወጡ። ግድግዳ ላይ በፍሬም የተሰቀለው አብዛኛውን ጊዜ የንግድ ፈቃድ ወይም የድሮ የዕውቅና ወረቀት ነው። ደብዳቤው ላይ አራቱን ያንብቡ፦ ፕሮግራሙን፣ ካምፓሱን፣ የማስተማሪያ ዘዴውንና የሚያበቃበትን ቀን። የፕሮግራሙ ርዝመት አራት ዓመት ሆኖ ፈቃዱ በሚቀጥለው ዓመት የሚያበቃ ከሆነ ለማሳደስ ማመልከታቸውን ይጠይቁ። ቀጥሎ ያንኑ ዝርዝር ከባለሥልጣኑ ያረጋግጡ፤ ባለሥልጣኑ የግል ተቋማትን ዳግም ምዝገባ ስላካሄደ ድሮ የነበረ ፈቃድ ዛሬም አለ ብለው አይውሰዱት። የእህትዎ የ12ኛ ክፍል ውጤትም ለተፈተነችበት ዓመት የተወሰነውን የመግቢያ ነጥብ ማሟላት አለበት። «እኛ ጋ ችግር የለም» ብሎ የሚመዘግብ ኮሌጅ ችግሩን ወደ ምረቃ ቀን ነው የሚያስተላልፈው፤ ያኔ የመውጫ ፈተና ምዝገባ ላይ ስሟ ላይገኝ ይችላል። ደረሰኝ ላይ የፕሮግራሙና የካምፓሱ ስም ይጻፍ፣ ደረሰኙም አይጣል።

ጥያቄ፦ ፍሬሽማን ነኝ። አንድ ኮርስ ቢበላሽብኝ ጂፒኤዬ (አማካይ ውጤቴ) ምን ይሆናል? የዲፓርትመንት ምርጫዬን እስከ ምን ይጎዳዋል? — *ከቂሊንጦ*

መልስ፦ እህታችን፣ ስሌቱ ቀላል ነው፦ የየግሬዱን ነጥብ በኮርሱ ክሬዲት አባዢ፣ ደምሪ፣ ለጠቅላላው ክሬዲት አካፍይ። በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ኤ 4፣ ኤ ማይነስ 3.75፣ ቢ ፕላስ 3.5፣ ቢ 3፣ ቢ ማይነስ 2.75፣ ሲ ፕላስ 2.5፣ ሲ 2፣ ሲ ማይነስ 1.75፣ ዲ 1፣ ኤፍ 0 ነው። ስድስት ባለ 3 ክሬዲት ኮርስ ወሰድሽ እንበል፦ እንግሊዝኛ ቢ፣ ሎጂክ ኤ ማይነስ፣ ሳይኮሎጂ ቢ ፕላስ፣ ጂኦግራፊ ሲ ፕላስ፣ ማትስ ሲ፣ ፊዚክስ ዲ። የግሬዶቹ ድምር 15.75፣ በ3 ሲባዛ 47.25፣ ለ18 ሲካፈል 2.63 ይሆናል። ፊዚክሱ ኤፍ ቢሆን 2.46። በቁጥር ሲታይ ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ጉዳቱ ግን ኤፍ ኮርሱ ተመልሶ መወሰድ ያለበት መሆኑና ቀጣዩን ኮርስ መዝጋቱ ላይ ነው። ለመመረቅ ድምር ጂፒኤ ከ2.00 መውረድ እንደሌለበትም አትርሺ።

ዲፓርትመንት ሲደለደል የፍሬሽማን ውጤት ከ12ኛ ክፍል ውጤት ጋር ይደመራል፤ ድርሻው እንደየዩኒቨርሲቲው ይለያያል። ስለዚህ ከሬጅስትራር ማስታወቂያ ላይ ቀመሩን አሁን፣ በመጀመሪያው ሴሚስተር ጻፊው። ስፖርት በ«አለፈ/ወደቀ» ስለሚያዝ ጂፒኤ ውስጥ አይገባም። «አይቆጠርም» ተብሎ የሚቀርበት ተማሪ ግን በየዓመቱ አለ፣ ያለ እሱም አይመረቅም። ግሬድ ስህተት ነው ብለሽ ካመንሽ ቅሬታ የሚቀርብበት ጊዜ አጭር ነው፤ ውጤት በተለጠፈ ቀን የአጋማሽ ፈተናና (ሚድ) የአሳይመንት ውጤቶችሽን ይዘሽ መምህሩ ጋ ሂጂ፣ ካልሆነ በጽሑፍ ለዲፓርትመንቱ።

ጥያቄ፦ የቂሊንጦ ኢንዱስትሪ ፓርክ አጠገባችን ነው። አዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲም እዚሁ ነው። ግቢዎች «የኢንዱስትሪ ትስስራችን ተጠናክሯል» ሲሉ ተማሪው ምን ያገኛል? — *ከአቃቂ ቃሊቲ*

መልስ፦ ዩኒቨርሲቲው የተቋቋመው በ2003፣ ማስተማር የጀመረው በ2004 ዓ.ም. ሲሆን ከአዳማው ጋር ሁለቱ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎች ይባላሉ። ፓርኩ ደግሞ በመድኃኒት ማምረቻ ላይ ያተኮረ ነው። ጎረቤት መሆን ጥሩ ነው፤ ግን አጥሩ አጥር ነው። የመድኃኒት ፋብሪካ ማምረቻ ክፍል ልዩ ልብስ፣ የእጅና የፀጉር መሸፈኛ፣ የጤና ምርመራና ቀድሞ የተሰጠ ሥልጠና ይጠይቃል። ይህን ዩኒቨርሲቲው አስቀድሞ ካላመቻቸ ተለማማጁ ወሩን ቢሮ ውስጥ ፋይል ሲያስተካክል ይፈጀዋል።

ትስስሩ እውነተኛ መሆኑን በሦስት ነገር ይለዩታል። ተማሪው ኢንተርንሺፕ (የሥራ ላይ ልምምድ) የሚሠራበትን ቦታ ዩኒቨርሲቲው ነው የሚያገኘው ወይስ ተማሪው የትብብር ደብዳቤ ይዞ በር ለበር ይዞራል? የፋብሪካው ተቆጣጣሪ የሚሰጠው ነጥብ በግሬዱ ውስጥ ምን ያህል ድርሻ አለው? አድቫይዘሩስ (አማካሪ መምህሩ) በኢንተርንሺፑ ወቅት ፋብሪካው ድረስ ይመጣል ወይስ መጨረሻ ላይ ሪፖርት ብቻ ይቀበላል? ሦስተኛው በጣም ይለያል፤ የትራንስፖርት በጀት ያልተያዘለት አድቫይዘር አይመጣም፣ ያልመጣበት ኢንተርንሺፕ ደግሞ ከቀደመው ዓመት ሪፖርት ይገለበጣል።

ጥያቄ፦ ዩኒቨርሲቲዎች በዓለም ደረጃ ሰንጠረዥ ላይ መግባታቸውን ያስነግራሉ። ለተማሪዎቼ ስለዚህ ምን ልንገራቸው? — *መምህር፣ ከሱሉልታ*

መልስ፦ ደረጃ አውጪዎቹ የተለያየ ነገር ይለካሉ። ታይምስ ሃየር ኤዱኬሽን በዓለም ሰንጠረዡ ለማካተት በአምስት ዓመት ቢያንስ 1,000 የምርምር ጽሑፍ ይጠይቃል፤ ያንን ያሟላ ዩኒቨርሲቲ ገና ከመግባቱ ምርምር እንደሚያደርግ ይታወቃል። ዌቦሜትሪክስ ደግሞ በድረ ገጽ መታየትን አጥብቆ ይቆጥራል፤ ድረ ገጹን ያስተካከለና የመመረቂያ ጽሑፎችን በኢንተርኔት የለቀቀ ዩኒቨርሲቲ አንድ መምህር ሳይጨምር ሊወጣ ይችላል። አንዳቸውም ፍሬሽማን ክፍል ውስጥ ስንት ሰው እንደሚቀመጥ አይነግሩም። ለድኅረ ምረቃ ለሚያስብ ተማሪ ይጠቅሙታል፣ ለ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ግን እምብዛም።

ጥያቄ፦ የወጪ መጋራት ውል ምንድን ነው? ልጄ ከቤት እየተመላለሰ ቢማርስ? — *አባት፣ ከቃሊቲ*

መልስ፦ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የምግቡንና የማደሪያውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን ሥራ ከያዘ በኋላ ለመክፈል ይፈርማል። ውሉ በየዓመቱ ይሞላል፤ አንዱን ዓመት ሳይሞሉ ማለፍ በመመረቂያ ጊዜ ክሊራንስ (ከግቢው ዕዳ ነፃ የመሆን ማረጋገጫ) ላይ ያስቆማል። ከቤት የሚመላለስ ተማሪ ማደሪያና ካፌ እንደማይጠቀም መጀመሪያውኑ ማስመዝገብ አለበት፣ አለበለዚያ ያልተኛበት አልጋ ይታሰብበታል። ግቢ ውስጥ እያደረ «ኖን ካፌ» (ከግቢው ምግብ ቤት የማይመገብ) የሚሆን ደግሞ የምግቡን ገንዘብ በእጁ ይቀበላል፤ የተቀበለውም ዕዳው ላይ ይቆጠራል፣ ሴሚስተሩ ሳያልቅ ልመለስ ቢልም ብዙ ቦታ አይፈቀድለትም። የውሉን ኮፒ ቤት ያስቀምጡ።

ጥያቄ፦ ለምዝገባ ምን ይያዝ? — *ከለገጣፎ*

መልስ፦ የ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ ካርድ፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ትራንስክሪፕትና የ12ኛ ክፍል ውጤት፣ ሁሉም ዋናውና ኮፒው። 3 በ4 ጉርድ ፎቶ ከተጠየቀው በላይ ያዙ፤ ለመታወቂያ፣ ለክሊኒክና ለማደሪያ እየተባለ ያልቃል። አንሶላ፣ ብርድ ልብስ፣ የትራስ ልብስ፣ የስፖርት ትጥቅ፣ ለሎከር ሁለት ቁልፍ ያለው ጓጉንቸር። በሰነዶቹ ላይ የአባትና የአያት ስም በአንድ ዓይነት ፊደል መጻፉን ከቤት ሳይወጡ ያመሳክሩ፤ በእንግሊዝኛው የአንድ ሆሄ ልዩነት ካለ አሁኑኑ ከተማረበት ትምህርት ቤት ደብዳቤ ይምጣ። ጥሪው የተለጠፈው በዩኒቨርሲቲው በራሱ ገጽ ላይ መሆኑን ሳያዩ ጉዞ አይጀመር።